የበቀለው ሐዲድ

እሑድ መጋቢት 10 ቀን 1959 ዓ.ም. ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ዲላ በግራዝማች ወልደዮሐንስ ግቢ የተገኙት ባለቡናው ግራዝማች፣ ከአዋሳ የመጡት እንግዳ ወይዘሮ ስመኝ፣ የከተማው ክሊኒክ አዋላጅ ሙሉነሽና የትንሿ ባቡር ነጂ ደበበ ነበሩ። የደበበ ሚስት ጥሩብርሃንም የሰባት ወር ሆዷን ይዛ አጥሩ ጥግ ተቀምጣ ነበር።

ባቡሯን የሠራት ደበበ ነው። ያረጀ የቡና መፈልፈያ ሞተር ፈትቶ ገጠመ፤ ወርቃ ከሚባለው መንደር ተጥሎ የነበረ የቡና ጋሪ ሐዲድ አምጥቶ ዘረጋ። እሑድ እሑድ እንግዳ ጭና በእንሰቱና በቡናው መካከል ትዞራለች፤ የትኬቱ ገቢ ለክሊኒኩ ማዋለጃ ክፍል ይውላል። ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረው ቆርቆሮ ብቻ ነው። ደበበና ጥሩብርሃን የመጀመሪያ ልጃቸውን ያጡት ለወሊድ ወደ ይርጋለም ሆስፒታል ሲሄዱ መኪና ላይ ነበር። ስለዚህ ደበበ ያን ጣሪያ የሌለው ክፍል ቆም ብሎ ሳያየው አያልፍም።

ነገሩ የተበላሸው በኅዳር ነው። ከሐዲዱ ሥር የሚጋደም ጽድ ከሀገረ ማርያም እስኪመጣ ግራዝማች አልታገሡም፤ ለቡናው ጥላ የቆመው ኮርች ተቆርጦ ይጋደም አሉ። ኮርች ደግሞ ተቆርጦ አጥር ሲሆን እንኳ መልሶ የሚለመልም እንጨት ነው።

«ጌታዬ፣ ይበቅላል እኮ» አለ ደበበ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«ይብቀላ! ለባቡርህ ጥላ ይሆናታል» ብለው ሳቁ። ሠራተኛው ሁሉ ሳቀ። ደበበም ኮርቹን ያጋድም ጀመር።

የበልግ ዝናብ ሲጥል ኮርቹ አቆጠቆጠ። ደበበ ጠዋት ጠዋት በገጀራ ይመለምለዋል፤ በሳምንቱ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀዋል። እንጨቱ እያበጠ ምስማሩን ይተፋል።

ወይዘሮ ስመኝ ባቡሯን አይተው ደስ ካላቸው የክፍሉን ቆርቆሮ በሙሉ ሊሰጡ ቃል ገብተዋል። የዚያን እሑድ ደበበ ወደ ግራዝማች ጠጋ አለ።

«ጌታዬ፣ ለዛሬ ትቅር። ምስማሩ ለቋል።»

«ከአዋሳ ድረስ የመጣች እንግዳ ሐዲድ አሳይቼ ልመልስ? ቀስ ብለህ ንዳ።»

ወይዘሮ ስመኝን አሳፍሮ ቀስ ብሎ ነዳ። ኩርባው ላይ ሐዲዱ ከፈት አለና የፊተኛዋ ፉርጎ ጎኗን ሰጥታ ተኛች። ወይዘሮ ስመኝ ጭቃው ውስጥ ተቀመጡ። ሙሉነሽ ሮጣ ደግፋ አነሣቻቸው፤ ጉዳት አልደረሰባቸውም። ከቀሚሳቸው ላይ ለምለም ቅጠል አንሥተው አዩት።

«ግራዝማች፣ ይሄ የባቡር መንገድ ነው የጓሮ አትክልት?»

«ደበበ ነው የዘረጋው፣ እመቤቴ» አሉ ግራዝማች።

ሁሉም ወደ ደበበ ዞሩ። እሱ ግን ቆቡን አውልቆ በእጁ ያገላብጥ ጀመር። ጥሩብርሃን አጥሩን ተደግፋ ተነሣች፤ ማንም ወደ እሷ አላየም።

ወይዘሮ ስመኝ በዚያው ቀን ወደ አዋሳ ተመለሱ፤ ቆርቆሮም አልላኩም። ባቡሯ ቆመች። ግንቦት 14 ቀን ጥሩብርሃንን ምጥ ያዛትና በቡና መኪና ተጭና ወደ ይርጋለም ተወሰደች።