የሂልከ ኮቴ

በኛ ሙያ አንድ ልማድ አለ። የደቀቀ የቁርጭምጭሚት አጥንት በብረት ሲተካ፣ የደኅናውን እግር ምስል ወስደን በመስታወት እንደሚታየው እንገለብጠዋለን። ከዚያ ማሽኑ የብረት ዱቄት እያቀለጠ ያትመዋል። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ሲብረን ግን ደኅና እግር አልነበረውም። በረዶ በጣለበት ሳምንት መኪናቸው ከግድቡ መንገድ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ ስትገባ ሁለቱም ቁርጭምጭሚቶቹ ተሰባበሩ። መሪውን የያዘው እሱ ነበር። መንታ ወንድሙ ሂልከ እዚያው ሞተ።

ቀኝ እግሩን በብሎን ጠገኑለት። የግራው አጥንት ግን ደም አልደርሰው ብሎ ሞተ።

ምስሉን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሂልከ ከአደጋው ሁለት ዓመት በፊት የበረዶ ሸርተቴ ሲጫወት ወድቆ ግራ እግሩን ሲቲ ስካን ተነሥቶ ነበር። ምንም አልተሰበረም።

"የመንታው ከሆነ ከዚህ የተሻለ ልክ ከየት ይመጣል?" አሉኝ ቀዶ ሐኪሙ ዶክተር ቴርፕስትራ። "እናትየውን አስፈቅጂ።"

እናታቸው ወይዘሮ ፎክየ የብስክሌት ዝናብ ልብሳቸውን ሳያወልቁ መጥተው ስክሪኑ ላይ የሚሽከረከረውን አጥንት አዩ።

"የሱ ነው?"

"አዎ።"

"ትንሽዬ ናት እኮ!" አሉ። ወደኔ ዞረው፣ "ለሲብረን እንዳትነግሪው። ካወቀ እግሬን ቁረጡት ነው የሚለው። እኔ ነኝ የወለድኩት፣ አውቀዋለሁ።"

አውስትራሊያ፣ ሜልበርን ከተማ ሰባት ዓመት ስማር፣ ታካሚ ሁሉን ማወቅ አለበት እየተባልኩ ነው የተማርኩት። አገሬ ሆላንድ፣ ፍሪስላንድ ተመልሼ፣ አብሬው ለተማርኩት ልጅ፣ "ከተመሳሳይ እግር የተወሰደ" የሚል ቅጽ አስፈረምኩት። አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። ሜልበርን ብሆን እምቢ እል ነበር ብዬ አስባለሁ፤ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

በአጥንቱ ጠርዝ ላይ አንዲት ጉብታ ነበረች፣ ሂልከ ለዓመታት የበረዶ ሸርተቴ ሲጫወት ያበቀላት። ኮምፒዩተሩ ላይ ላጨኋት። መለስኳት። እንደገና ላጨኋት። በመጨረሻ ተውኳት። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም።

ከቀዶ ሕክምናው ስድስት ወር በኋላ ሲብረን ያለ ክራንች ቢሮዬ መጣ።

"አውስትራሊያዊቷ! ነይ ውጪና እዪኝ እስቲ!"

በኮሪደሩ ተራመደ። ተረከዙ ቀድሞ መታ፣ ከዚያ ጫማው ወደ ውጭ ሸርተት አለ። ኮቴውን አወቅኩት። ትምህርት ቤት ሳለን ሂልከ ሲያረፍድ፣ በሩ ሳይከፈት ማን እንደመጣ የምናውቀው በዚህ ኮቴ ነበር።

"ቆንጆ ነው" አልኩ።

"ቆንጆማ ነው፣ አያመኝም። ችግሩ እማዬ ናት። ደረጃ በወጣሁ ቁጥር የያዘችውን ትጥላለች። ትናንት ከኩሽና ሆና 'ሂልከ፣ ጫማህን አውልቅ!' አለችኝ። ጫማዬን አወለቅኩ። ድንቿን መላጥ ቀጠለች።" ፈገግታው ጠፋ። "ኒንከ፣ ምንድን ነው ውስጤ የከተታችሁት?"

መዋሸት እችል ነበር። ስክሪኑን አዞርኩለት። ምስሉ ላይ የተጻፈው የልደት ቀን የሱ ነው፤ ስሙ የሱ አይደለም። ደጋግሞ አነበበው።

"ገደልኩት" አለ። "አሁን ደግሞ ተሸክሞኝ ይሂድ?"

"ከፈለግህ ይወጣል። ሌላ እሠራልሃለሁ።"

"እማዬ ታውቃለች?"

"እሳቸው ናቸው የፈቀዱት።"

ጎንበስ ብሎ በካልሲው ላይ ቁርጭምጭሚቱን በመዳፉ ጨበጠ። ቁረጡት እስኪል ጠበቅሁ።

"አይውጣ" አለ። "ማወቄንም እንዳትነግሪያት። ከበሩ እስከ ደረጃው ጫፍ ሃያ እርምጃ ቢሆን ነው። የሱን ኮቴ እንዳትሰማ ያን ያህል ማነከስ አያቅተኝም።"

"ሲብረን፣ እግርህ እኮ ድኗል!"

"እሷ ግን አልዳነችማ።"

እያነከሰ ወጣ። መጀመሪያ አበዛው፤ ግማሽ ኮሪደር ሲደርስ ለመደው። በሥራዬ ሁሉ እንደዚያ ልክክ ያለ አጥንት አትሜ አላውቅም።

በመስኮት ተከተልኩት። ብስክሌቶቹን አልፎ፣ ቦዩን ተሻግሮ፣ ሰው ወደሌለበት የጠጠር መንገድ እስኪገባ አነከሰ። እዚያ ሲደርስ ቆመ፤ ዞር ብሎ አየ። ከዚያ ማነከሱን ትቶ፣ አንገቱን ወደ ግራ አዘንብሎ ኮቴውን እያዳመጠ፣ ቀስ ብሎ ሄደ።