ለጫካ የታሰበች

የኦራንጉታኗን ግልገል የጉምሩክ ሰዎች ያገኟት ኦስሎ ወደብ ላይ፣ በአንድ መርከበኛ ሻንጣ ውስጥ ነበር። ዘመኑ በፈረንጆቹ 1997 ነው። ይህች ትልቅ ቀይ ዝንጀሮ በሕይወት እያለች ልጇን ለማንም አትለቅምና፣ እናቷ ቦርኒዮ ጫካ ውስጥ ተገድላ መቅረቷን ለማወቅ መጠየቅ አላስፈለገም።

ማዮርስቱን ከተባለው የኦስሎ ሰፈር አጠገብ ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ አመጧት። ጸዳለ ደብረ ዘይት የእንስሳት ሕክምና ተምራ እዚያ በረዳትነት ትሠራ ነበር። ሐኪሟ ሶልቬይ ግልገሏን አንስታ ደረቷ ላይ አስቀመጠችላት።

"ካልታቀፈች ትሞታለች" አለቻት። "ስም ግን አናወጣላትም። ወደ ጫካዋ ነው የምትመለሰው፤ ሰው ከለመደች አለቀላት።"

ጸዳለ ልጇን ቤቴልን ያሳደገችበትን ማዘያ ሆልምሊያ ካለው ቤቷ አምጥታ፣ ግልገሏን አቅፋ ከረመች። ነፍስ ስትዘራ ደግሞ ከሰው ማስጣሉ መጣ። ከጣራው ገመድና ቅርንጫፍ አንጠለጠሉ። ጸዳለ ቀያዮቹን ጣቶች ከሹራቧ ላይ አንድ በአንድ ታላቅቅና ገመዱን አስይዛት ትወጣለች። ግልገሏ ጩኸቷን ስታቀልጠው እሷ ከበሩ ወዲያ ቆማ እንባዋን ትውጣለች።

በመስከረም ግልገሏ ራሷ ወጥታ፣ ቅርንጫፍ አጣጥፋ ጎጆ ሠራች። ጸዳለ ብትጠራት ቁልቁል አየት አድርጋት ዝም አለች።

"ዛሬ ናቀችኝ!" አለችው ለባሏ ለግዛው፣ ቤት እንደገባች። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

ደስታው ግን አልሰነበተም። ቦርኒዮ በእሳት ጋየ። ሊቀበላት ቃል ገብቶ የነበረው የዚያው አገር የኦራንጉታን ማዕከል ደወለ፦ ጫካው እየነደደ ነው፣ ከቃጠሎ የወጡ ግልገሎች ግቢውን ሞልተውታል፣ ጠብቁ። ሲጠብቁ ግልገሏ ሳል ጀመራት። ቲቢ ነበር፤ ከሰው የተጋባባት። ጸዳለንም መረመሯትና ከበሽታው ነጻ ሆና ተገኘች። ምነው በእኔ በሆነ፣ አለች በልቧ።

"መድኃኒት አለው እኮ!" አለች ሶልቬይን። "ስንት ሰው ድኖበታል!"

"ብናክማትም የሚቀበላት የለም። የእሷ ሳል ከእሳት የተረፉትን ይጨርሳል።"

ጸዳለ ለየአራዊት ማቆያው ደወለች፣ ለመነች። ሁሉም በትሕትና እንቢ አሏት። በመጨረሻ እንድትገደል ከላይ ተወሰነ።

መርፌው የሚሰጥ ዕለት ግልገሏ ከጎጆዋ አልወርድም አለች። ጸዳለ ከሥር ቆማ እጇን ዘረጋች። ግልገሏ ለረጅም ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ ትኩሳቱ አድክሟት ነው መሰል፣ እያሳለች ወርዳ አንገቷን አቀፈቻት። ሶልቬይ መርፌውን እንደያዘች ፊቷን አዞረች፤ ቆይታ ወጋች። የጸዳለን አንገት የያዙት ጣቶች ቀስ እያሉ ላሉ።

ግዛው ቤቴልን ከባርነሃገ፣ ከመዋዕለ ሕፃናቷ፣ አምጥቶ እራት ሲያቀርብ ጸዳለ ካፖርቷን ሳታወልቅ ተቀመጠች።

"ሞተች እንዴ?" አላት።

"ገደልናት። ከጎጆዋ ጠርቼ ያወረድኳት እኔ ነኝ።"

ግዛው ሳህኑን ወደ ጎን ገፋ። "እንጸልይ" አላት።

"አንተ ጸልይ። እኔ ምን ብዬ?"

እሱ ዓይኑን ጨፈነ፤ እሷ ሳትጨፍን ቆየች። ወደ ክሊኒኩም አልተመለሰችም። ሶልቬይ ስትደውል አታነሳም ነበር። ከገና በኋላ ሮመን ሰፈር ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ተቀጠረች፤ እንስሳ ማከሙንም በዚያው እርግፍ አድርጋ ተወችው።