ስማቸው ላልታወቀ ሦስት አርበኞች

በየዓመቱ ሚያዝያ 27 የቀበሌው ሹም ታዲዮስ ከቤተ ክርስቲያኑ ግርጌ ባለው ሐውልት ላይ የአበባ ጉንጉን ሲያኖር፣ ሽማግሌው እንዳላማው ከሰው መሀል ጥርሳቸውን ነክሰው ይቆማሉ። ሐውልቱ «ስማቸው ላልታወቀ ሦስት አርበኞች» ይላል። ከሥሩ የተኙት ግን አገሩን በቦምብ ሲያነዱ የወደቁ ሦስት ጣሊያኖች ናቸው። አውሮፕላኑን በውጅግራ ጠመንጃ መትተው የጣሉት የእንዳላማው አባት ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ «ለሬሳ አፈር አይነፈግም» ብለው የቀበሩትም እሳቸው። ሲሞቱም «ያወረድኳቸው እኔ ነኝ፤ ከጎናቸው ቅበሩኝ» ብለው፣ ይኸው ድንጋይ እንኳ ሳይቆምላቸው ከሐውልቱ አጠገብ ተኝተዋል።

እንዳላማው ሐውልቱ ሲመረቅ ይህንኑ ተናግረው ነበር። «ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል» አላቸው ታዲዮስ። የተፈረመ ቃለ ጉባኤ ደግሞ ከሙት ይልቅ ለማስነሣት ያስቸግራል።

ዘንድሮ በጥር ከሮም ደብዳቤ መጣ፤ የአንዱ ሟች የልጅ ልጅ ዐፅሞቹን ልትወስድ ነው። ታዲዮስን ላብ አጠመቀው። አርበኞቹን ቆፍሮ ለጣሊያን ቢያስረክብ ሰው ምን ይለዋል? ሲያወጣ ሲያወርድ ሰንብቶ መላ መታ።

«አባ እንዳላማው፣ ያንን ምልክት የሌለውን መቃብር ብንሰጣትስ?»

«እሱማ አባቴ ናቸው።»

«ማን ይለያል ብለው ነው? አጥንት ያው አጥንት ነው።»

አባታቸው ከሰማይ ባወረዱት ጠላት ስም ሮም ሊቀበሩ ነው። እንዳላማው ቤታቸው ገብተው ከሣጥን አንድ እራፊ ጨርቅ አወጡ።

ሴትዮዋ የመጣች ዕለት ጨርቁን እጇ ላይ ፈቱላት። ከሟቾቹ አንገት የተፈቱ፣ ስም የተቀረጸባቸው ሦስት ትናንሽ ብረቶች ነበሩ።

«አባቴ ‹ዘመድ ከመጣ ስጥ፣ ለሹም ግን እንዳትሰጥ› ብለውኛል» አሉ በአስተርጓሚዋ በኩል፤ ሐውልቱንም በጣታቸው አሳዩዋት። ሴትዮዋ ብረቱን ደረቷ ላይ ይዛ አለቀሰች። እንዳላማውም የሰው እንባ አይችሉምና አብረዋት አለቀሱ።

ሦስቱ ተቆፍረው በደጀን በኩል ወደ አዲስ አበባ ተሸኙ። ሐውልቱን ግን የነካው የለም። ሚያዝያ 27 ሲደርስ ታዲዮስ ጉንጉኑን በባዶው ጉድጓድ ላይ አኖረ፤ ንግግሩንም አንድ ቃል ሳይቀንስ አነበበ።

ሕዝቡ ሲበተን እንዳላማው ጠጋ አሉት። «ልጄ፣ እንግዲህ ቦታው ባዶ ነው። አባቴን ወደዚያ ላዛውራቸው?»

ታዲዮስ ከልቡ አዘነላቸው።

«አባ፣ እኔ እኮ ክፉ ሰው አይደለሁም። ግን ሐውልቱ የቆመው ስማቸው ላልታወቀ ነው። የእርስዎን አባት ስም አገር ምድሩ ያውቀዋል።»