ሁለት ጊዜ የተጠየቀች ልጅ

ማሬ ሁለቱንም ብርጭቆ አንስታ ጭልጥ አድርጋ ጠጣቻቸው። የጣሊያኑን ሐኪም ውሃ ነው የምላችሁ። ሰውዬው አፉን ከፍቶ እያያት መጀመሪያ አንዱን፣ ቀጥላ ሌላውን፤ ከዚያ አፏን በክንዷ ጠረግ አድርጋ «አሁንም እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ባዶ ናቸው» አለችው። ይቺን ሳልናገር ሌላውን ልጀምር ብል እፈነዳ ነበር።

በሉ አሁን ከሥሩ ስሙኝ። ነገሩ ግን ከዳር እስከ ዳር የሚያስጠላ ነው።

ሥራነሽ የማሬ ታላቅ እህት ናት፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። አባታቸው ጣሊያን ደብረ ማርቆስ ከገባ ጀምሮ ጫካ ነው፤ ጮቄ ተራራ ላይ አሉ ከሚባሉት አርበኞች ጋር። ለጠየቀ ሰው ግን «ሞቷል» ነው የሚባለው፤ አለዚያ ቤቱ በእሳት ይሄዳል። እናታቸው ወለተ ሰንበት ደግሞ እግሯን አሟት ተኝታለች። ስለዚህ ማሬን አማኑኤል መንገድ ዳር ወደተተከለው ድንኳን ይዛት የሄደችው ሥራነሽ ናት። ጭቃ ሹሙ «ስምንት ዓመት የሞላው ልጅ ሁሉ ለሐኪም ይቅረብ» ብሎ አስለፍፎ ነበር። ሐኪም ሲባል ሥራነሽ መድኃኒት የሚሰጥ መስሏታል። ምን መድኃኒት!

ሰውዬው የልጆቹን ጭንቅላት ጉጠት በመሰለ ብረት ይዞ ይለካል። ከዚያ ጣቱን አፋቸው ውስጥ ከትቶ ድዳቸውን ይዳስሳል፤ አንዱን ዳስሶ ሲጨርስ በዚያው ጣት የሚቀጥለውን። ይሁን፣ እሱስ ይሁን። ግን መሀል ላይ አፍንጫውን በጨርቅ ተናፈጠ፤ ጨርቁን ገለጥ አድርጎ አየው፤ አጣጠፈው፤ ኪሱ ከተተው። ሰው ንፍጡን አጣጥፎ ያስቀምጣል? ለማን ሊያወርሰው ነው? ደግሞ ይሄው ሰው እኮ ነው የልጆቹን አናት በነካ ቁጥር እነሱ የቆሸሹ ይመስል እጁን በሚሸት ነገር የሚያሸው።

አጠገቡ ፍቅረ ሥላሴ የሚባል አስተርጓሚ ቆሟል። ፀጉሩን በጣሊያን ቅባት አጣብቆ ያስተኛ፣ ሐኪሙ ሊስቅ ሲል ቀድሞ የሚስቅ ሰው ነው።

የማሬ ተራ ደረሰ። ሐኪሙ ሁለት እኩል ብርጭቆዎች አስቀምጦ ውሃ ቀዳ። አንደኛው ትንሽ በለጥ ሲልበት ጎንበስ አለና ፉት ብሎ አስተካከለው። በአፉ! ጺሙን ውሃው ውስጥ እየነከረ። ሥራነሽ ዐይኗን ጨፈነች።

«የቱ ይበልጣል?» አለ ፍቅረ ሥላሴ።

«እኩል ናቸው ጌታዬ» አለች ማሬ።

ሐኪሙ አንዱን ብርጭቆ አነሳና ውሃውን እንደ ጧፍ ወደቀጠነ ረጅም ብርጭቆ ገለበጠው።

«አሁንስ? የቱ ይበልጣል?»

ማሬ ሐኪሙን አየችው፤ አስተርጓሚውን አየችው። ከዚያ መሬት መሬቱን እያየች «ረጅሙ» አለች።

ሐኪሙ ደስ አለው። አናቷን መታ መታ አደረጋት፤ እጁን አሸት አሸት አደረገ፤ ረጅም ነገር ተናገረ።

«ምን አሉ?» አለች ሥራነሽ።

«የልጅ አሳብ በደረጃ ያድጋል ነው የሚሉት» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «የነሱ ልጅ ሰባት ዓመት ሲሆነው ዕቃው ቢለወጥ ውሃው እንደማይጨምር ያውቃል። የናንተ ልጅ አራት ዓመት ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ቁመት እንጂ አሳብ አያበቅልም። እህትሽን ወደዷት። ነገ ፎቶ እያነሱ ደግመው ይጠይቋታል። እንደዛሬው ከመለሰች ቅዳሜ በካሚዮን፣ ቀጥሎ በመርከብ ሮም ትሄዳለች። ሊቃውንቱ ፊት ሊያቆሟት ነው።»

«ትመለሳለች?»

«ምን ልታደርግ?» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አምበር ላይ አንድ ዲያቆን ልጆቹን መልስ ሲያስጠና ተያዘ። ቤቱን አቃጠሉት። አባትሽ የት ነው ያለው?»

«ሞቷል።»

«መልካም። እንደሞተ ይቆይ።»

ወደ ቤት ሲመለሱ ሥራነሽ ገና ከድንኳኑ እልፍ እንዳሉ የማሬን ክንድ ጨምድዳ ያዘች።

«አንቺ ደንቆሮ፣ ውሃው ከየት መጥቶ ጨመረ?»

«ማን ጨመረ አለ? አልጨመረም።»

«ታዲያ ረጅሙ ያልሽ ምን ሆነሽ ነው?»

«ደግሞ ጠየቀኛ» አለች ማሬ፤ ይሄ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር መስሏት አያውቅም። «እማ እንግዳ ፊት ‹ጠገብሽ?› ስትለኝ ‹አልጠገብኩም› ካልኩ ደግማ ትጠይቀኝ የለ? ያን ጊዜ ‹ጠገብኩ› እላለሁ። ትልቅ ሰው ደግሞ ከጠየቀ የፊተኛውን አልወደደውም ማለት ነው። አንቺስ እንዲህ አይደለሽ?»

ሥራነሽም እንዲሁ ናት። በሰፈሩ እንዲህ ያልሆነ ልጅ የለም፤ ያልሆነ ካለ ባለጌ ነው የሚባለው። መጀመሪያ ሳቋ መጣ። ወዲያው ደግሞ ያ ሰውዬ የማሬን ጨዋነት እንደ ንፍጡ አጣጥፎ ኪሱ ከትቶ አገሩ ሊወስደው መሆኑ ታሰባትና ምራቋን ተፋች።

«ስሚኝ። ነገ ሁለቴ ቢጠይቅሽ፣ ሦስቴ ቢጠይቅሽ፣ የምታውቂውን በይ።»

«ነውር አይሆንም?»

«እሱ ፊት ነውር የለም። ሲናፈጥ አላየሽውም?»

ማሬ ተንከትክታ ሳቀች። ማንም ሳይሰማ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ነገሩ አለቀ።

በማግስቱ ፎቶ የሚያነሳ አንድ የጣሊያን ሶላቶ ሳጥኑን ደቀነ። ሐኪሙ ቀዳ፤ ፉት አለ፤ ጠየቀ። «እኩል ናቸው።» ወደ ረጅሙ ገለበጠና ጠየቀ። «እኩል ናቸው።» ቅንድቡ ተሰበሰበ። የገለበጠውን ወደ ቦታው መለሰና ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቃት፤ አሁን በቁጣ ነው። ማሬ እንደ ትናንቱ መሬት መሬቱን አየች። ሥራነሽ አለቀልን አለች። ይሄኔ ነው እንግዲህ ማሬ ሁለቱንም ብርጭቆ ጭልጥ ያደረገችው፤ አፉን የነከረበትንም ጭምር። ሥራነሽ አንጀቷ እስኪወጣ ሊያስመልሳት ደረሰ፤ በዚያው ቅጽበት ደግሞ ዘላ ልትስማት ፈለገች። ሶላቶው ሳቀ። ሐኪሙ አልሳቀም።

«የተበላሸች ናት፤ አትጠቅምም ብለዋል» አለ ፍቅረ ሥላሴ። «ውሰጂያት።»

ሥራነሽ እግሯ መሬት አልነካ አላት። የማሬን እጅ ይዛ ዞር ስትል ግን ሐኪሙ ብርጭቆዎቹን ሳያጥብ እንደገና ሲቀዳ አየችው። ትናንት ተራው ያልደረሳት ልጅ ተጠርታለች። አይናዲስ።

አይናዲስ የጎረቤት ልጅ ናት። እናትና አባቷ በአንድ ክረምት ሞተውባት ከአክስቷ ቤት ነው የምትኖረው፤ ሥራነሽ አዝላ አሳድጋታለች። እውነቱን ለመናገር ትናንት ማሬን ስታስጠና አይናዲስ አንድም ጊዜ ትዝ አላለቻትም።

«የቱ ይበልጣል?»

«እኩል ናቸው ጌታዬ» አለች አይናዲስ፤ አንገቷን ደፍታ፣ እንዴት ባለ ጨዋነት።

ሐኪሙ አንዱን ብርጭቆ አንስቶ ወደ ረጅሙ መገልበጥ ጀመረ። ፍቅረ ሥላሴ ግን ውሃውን እያየ አይደለም። ሥራነሽን ነው የሚያየው፤ ከማሬ ነገር በኋላ ዐይኑን ከሷ ላይ አላነሳም። አይናዲስም ቀና ብላ አየቻት፤ ትንንሽ ልጆች እኮ ሁለቴ ሲጠየቁ የሚያውቁት ትልቅ ሰው ፊት ላይ ነው መልስ የሚፈልጉት።

ሥራነሽ ‹መልስሽን አትለውጪ› ብላ ራሷን በትንሹ ብትነቀንቅ አይናዲስ ይገባታል፤ ፍቅረ ሥላሴም ይገባዋል፤ ከዚያ አባቷ «የሞተበት» ቦታ ይፈለጋል፤ እናቷ ደግሞ ከተኛችበት ተነስታ ከእሳት መሸሽ አትችልም። ዝም ብትል አይናዲስ «ረጅሙ» ትላለች፤ ቅዳሜ ካሚዮኑ ይመጣል፤ የት ገባች ብሎ ሮም ድረስ የሚጠይቅላት ሰው የላትም።

ውሃው ተገልብጦ አለቀ። «አሁንስ?» አለ ፍቅረ ሥላሴ፤ ዐይኑ አሁንም ሥራነሽ ላይ ነው።

እስኪ እናንተ ንገሩኝ፤ እሷን ብትሆኑ ምን ታደርጉ ነበር?