የፕሮፌሰሩ ድብልቅ

ልብስ ሰፊዋ ሁለት ፈተና ነበረባት፤ አንዱ ጡንቻዋ፣ ሌላው ታላቅ ወንድሟ።

ለጡንቻዋ ጉልበት የሚያመነጨው፣ ሚቶኮንድሪያ የሚሉት የሕዋስ ክፍል ስለታመመባት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ስፌት ቤት የምትወጣው በየመታጠፊያው እየተቀመጠች ነው። ወንድሟን ደግሞ ቤተሰቡ «ፕሮፌሰር» ይለዋል። የመድኃኒት ብልቃጥ ላይ የተጻፈውን አንድም ሳያስቀር ያነባል፤ ሌላ ነገር ሲያነብ ግን ያየው የለም።

ሐኪሟ አልሸነገለቻትም። «የሚያድን መድኃኒት የለውም። ኮኪውቴን የሚባል የምግብ ማሟያ አለ፤ አንዳንዱን ይረዳል ይባላል፣ እርግጠኛ ግን አይደለንም። እስቲ ባንቺ እንየው» ብላ ሁለት ብልቃጥ ሰጠቻት። አንዱ ውስጥ ማሟያው፣ ሌላው ውስጥ ዱቄት ብቻ አለ። እንክብሎቹ መልካቸው አንድ ነው፤ የቱ የቱ እንደሆነ ሐኪሟም አታውቅም። ሁለት ወር ከአንዱ፣ ሁለት ወር ከሌላው ትውጥና በየሁለቱ ወር መጨረሻ ሳታርፍ ስንት ደረጃ እንደምትወጣ ይለካል። የስፌት ቤቱ ባለቤትም «የሚረዳሽ ነገር ከተገኘ የስፌት መኪናሽን ለማንም አልሰጥም፤ ካልተገኘ ግን ሰው እቀጥራለሁ» ብሎ አራቱ ወር ካለቀ በኋላ እስካለው ሰኞ ቀን ሰጥቷታል።

አራቱ ወር አለቀ። በፊተኛው ብልቃጥ ሳታርፍ አሥራ ስምንት ደረጃ ወጣች፤ በኋለኛውም አሥራ ስምንት። ሐኪሟ «አይረዳሽም ማለት ነው» ብላ ልትጽፍ ስትል፣ እህቱን አጅቦ የመጣው ፕሮፌሰር ከት ብሎ ሳቀ።

«ድሮስ ከየት ልዩነት ይመጣል ዶክተር? እህቴ ሁለት ወር ሙሉ ዱቄት ስትውጥ ዝም ብዬ ልይ? ገና በመጀመሪያው ቀን ሁለቱንም ትሪ ላይ ገልብጬ፣ ደባልቄ፣ እኩል እኩል መለስኩት። ምንጊዜም ግማሹ ይደርሳታል!»

ምስጋና እየጠበቀ ሁለቱንም በየተራ አያቸው።

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «እንግዲያው ይርዳት አይርዳት አሁን ማንም አያውቅም። እንደገና ቢጀመር ሌላ አራት ወር ነው።»

ፕሮፌሰር ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። «አሥራ ስምንትስ ቀላል ነው? ይኼው ግማሹ ሠርቷል!»

ሰኞ ሦስት ቀን ቀርቶታል፤ ልብስ ሰፊዋ ለስፌት ቤቱ ባለቤት የምትነግረው ነገር አልነበራትም።

ሲወጡ ደረጃው አፋፍ ላይ ክንዱን ዘረጋላት። «ለክፋት እኮ አይደለም እህቴ።»

«አውቃለሁ ወንድም ጋሼ። ክፉ ብትሆንማ ብልቃጡን እደብቅብህ ነበር» አለችውና ክንዱን ይዛ መውረድ ጀመረች፤ ሌላ የምትይዘው አልነበራትም።