እርሳስ የተባለው ጠገራ

«ነገ ይደርሳል አልኩሽ እኮ! ነገ ጠዋት፣ ቁርስሽን ሳትበዪ!»

ወሰንየለሽ ደነገጠች። ምንም ነገር አላዘዘችም። ገና ከበሩ ገብታ «ጋሼ፣ የቆየ ነገር ካለዎት ቢያሳዩኝ» ከማለቷ፣ ብር ሠሪው ፍቅረ ሥላሴ የቆየ ትእዛዟን ልትጠይቅ የመጣች መስሎት መማጸን ጀመረ። ሰውየው የደብረ ማርቆስን ሴት ሁሉ በ«ነገ» ሲያመላልስ ስለኖረ፣ በሩን የገፋ ሁሉ ባለቀጠሮ ይመስለዋል።

«ቀጠሮስ የለኝም። የድሮ ገንዘብ ነው የምፈልግ። ጠገራ ብር።»

«እንዴ! እንደሱ በይኝ እንጂ እህቴ!» ፊቱ በራ።

ጥግ ላይ የተቀመጡት መሪጌታ አካለ ወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጸናጽላቸውን ሊያሠሩ ከዲማ የመጡ ናቸው፤ የእሳቸው «ነገ» የተጀመረው ከፋሲካ በፊት ነው።

ፍቅረ ሥላሴ ባለመስተዋቱን ሳጥን ከፈተ። ወሰንየለሽ አልቸኮለችም። ያን ሰሞን በከተማው ያሉትን ወርቅና ብር ቤቶች ሁሉ አዳርሳለች፤ አንዱ ጋ አንበሳ ያለበትን አላድ፣ ሌላው ጋ ጣልያን ጥሎት የሄደውን ሊሬ ስታገላብጥ ከርማለች። ጎረቤቶቿማ «ይቺ ሴትዮ ጌሾ መነገዱን ትታ ሙዚየም ልትከፍት ነው?» እያሉ ሲያሟት ነበር። የምትፈልገው እሱን ብቻ መሆኑ እንዳይታወቅባት፣ ፍቅረ ሥላሴን ሆን ብላ ለመጨረሻ አቆየችው።

ነገሩ የቆየ ነው። እናቷ ወለተ ሰንበት ስትዳር የሙሽራዋ አባት አንገቷ ላይ ያሰሩላት አንዲት ጠገራ ነበረች። የሰርጉ ዕለት ጠዋት፣ በጀርባዋ ካለው ባለ ሁለት ራስ ንስር ጅራት ሥር፣ በወስፌ ጫፍ ትንሽ መስቀል ጭረውባታል። ከዓመታት በኋላ ማንጠልጠያዋ ሲሰበር፣ ወለተ ሰንበት ከአማቷ ጋር ሆና እዚሁ ቤት አመጣቻት። ያኔ ጎረምሳ የነበረው ፍቅረ ሥላሴ አገላብጦ አየና፣ ያ ሁሉ የቅዳሜ ገበያተኛ እየሰማ «ይሄ እርሳስ ነው! እሳት አይችልም!» ብሎ ጮኸ። ለመርፌ መግዣ የማትበቃ ሳንቲም ወርውሮ አስቀራት።

ከዚያ ወዲያ አማትየዋ እስክትሞት አንድ ዘፈን ብቻ ነበራት፤ «አባቷ እርሳስ አንጠልጥሎ ዳረልን»። ወለተ ሰንበትም ያባቷን ስም በሰው ፊት መጥራት ተወች። ወሰንየለሽ ያደገችው ይህን እየሰማች ነው። ታዲያ ከወር በፊት ደምበጫ ገበያ አንዲት ሴት «እኔንም ማርቆስ ያለ አንድ ብር ሠሪ፣ እርሳስ ነው፣ እሳት አይችልም ብሎ ጠገራዬን አስቀረብኝ» ስትላት፣ ያው ቃል ከሌላ አፍ ሲወጣ፣ ነገሩ ተንኮል እንደነበር ገባት።

ጠገራዎቹን አንድ በአንድ ገለበጠች። ለብቻዋ ጥቁር ከፋይ ላይ የተኛችውን ስታነሳ ጣቷ ቆመ። መስቀሏ አለች።

«ይቺ እርሳስ እንዳትሆን ብቻ» አለች አፏን አጣማ።

«እርሳስ? እኔ ቤት? የኔታ፣ ይስሙልኝ!» ድንጋዩ ላይ ጣላት። ጠገራዋ እንደ ንጹሕ ብር ረዥም አቃጨለች። «ማርቆስን! ከዚህ የጠራ ብር በጎጃም ካለ ይሄ እጄ ይቆረጥ!»

«ሰምተዋል የኔታ?» አለች ወሰንየለሽ።

«ሰምቻለሁ። ጸናጽሌን ሳይጨርስ ባይቆረጥ ግን ደስ ይለኛል።»

ወሰንየለሽ ወደ በሩ ዞረች። «እማዬ፣ ግቢ።»

ውጭ መደቡ ላይ የተቀመጠችው ወለተ ሰንበት በዘንጓ እየተመራች ገባች። ዓይኗ ደክሟል፤ አውራ ጣቷ ግን አልደከመም። ጠገራዋን ተቀብላ ንስሩን ዳበሰች፣ ወደ ጅራቱ ወረደች፣ ቆመች።

«አባዬ» አለች፣ በሰው ፊት።

ፍቅረ ሥላሴ አሁን አወቃት። ላብ አጠመቀው። «እማማ… ሰው ይሳሳታል። ያኔ ልጅ ነበርኩ…»

«የተሳሳተ ሰው እርሳሱን ከፋይ ላይ አያስተኛም» አለችው ወሰንየለሽ። «በር ላይ ይውጡና ያኔ እንደጮኹት ይጩኹ። ‹የወለተ ሰንበት አባት የሰጧት ብር ነው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ› ይበሉ።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው እህቴ! ገበያተኛው…»

«ቅዳሜ የመጣሁት ለዚሁ ነው።»

ያድኑኝ ብሎ ወደ መሪጌታ ዞረ። መሐላውን የሰሙት መሪጌታ ግን ያልተሠራ ጸናጽላቸውን ትክ ብለው እያዩ ነበር።

ወጣና አጉረመረመ።

«አልተሰማም» አለች ወሰንየለሽ።

ደገመው። ቅቤ ሻጯ ከሚዛኗ ቀና አለች።

«ከማዶ ያሉት አልሰሙም።»

አሁን ጮኸ። ባለባጃጁ ሳይቀር ቆሞ አየው። ወሰንየለሽ ያን ጩኸት እንደ ጥሩ ጠላ ቀስ ብላ አጣጣመችው።

ፍቅረ ሥላሴ ፊቱ ደም መስሎ ተመለሰ። እሳቱን ቆስቁሶ ወናፉን ያዘ። «እማማ፣ ማንጠልጠያዋን እንኳ በነፃ ልበይድልዎት። አሁኑኑ፣ ነገ ሳልል።»

ወለተ ሰንበት ጠገራዋን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረች።

«ተወው ልጄ፤ እርሳስ እሳት አይችልም።»