የጥሩሐረግ አረብ አገር

ምሳው ሚስቱን ጥሩሐረግን ጠበል አድርሷት የተመለሰ ዕለት ለልጁ የሚላት ቃል አልነበረውም። መክሊት ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። በሩ ላይ ቆማ «እማስ?» አለችው። እህቱ አበዛሽ ከጓዳ ብቅ አለችና ቃሉን እዚያው ፈጠረችለት።

«እናትሽማ አረብ አገር ሄደች፤ ሠርታ ጫማ ትልክልሻለች» አለቻት።

ምሳው ዝም አለ። አልዋሸም እኮ፣ ዝም ብቻ ነው ያለው። ለራሱም እንዲሁ እያለ አራት ዓመት ከረመ።

ደግሞ ውሸቱ ለማመን አይከብድም። በጽጽቃ ዙሪያ ካሉት መንደሮች በዚያ ዓመት ብቻ ሦስት ሴቶች አረብ አገር ወጥተዋል። አዋቂው ሁሉ የጥሩሐረግን ጉድ ያውቃል፣ በልጆቿ ፊት ግን የሚያነሳው የለም። ይህንንም ደግነት ይሉታል።

እውነቱ ይህ ነው። ጥሩሐረግ ትንሹን ባምላክን በወለደች በሁለተኛው ወር እንቅልፍ ራቃት። ቀጥሎ ማንም ሳይጠራት «አቤት» ማለት ጀመረች። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ሕፃኑን ታቅፋ ገደል አፋፍ ላይ ተገኘች። «ነይ ይሉኛል» ትላለች። ምሳው ልጁን ከእጇ ነጥቆ፣ እሷን በገመድ አስሮ፣ በሰሃላ መንገድ አንድ ቀን ሙሉ ተጉዞ ጠበሉ ዘንድ አደረሳት። አጥማቂው አባ ገብረ ኢየሱስም ከአንድ ወይራ ሥር እግሯን በሰንሰለት አሰሯት። ጭካኔ አልነበረም፤ ሌላ የሚያውቁት ነገር ስለሌለ ነው።

ምሳው በየሁለት ወሩ ስንቅ ይዞላት ይሄዳል። ለልጆቹ ግን «ሰቆጣ የስልክ ቀጠሮ አለኝ» ይላቸዋል። ሲመለስ መክሊት መንገድ ላይ ትጠብቀዋለች።

«ምን አለች?»

«ሰላም ብላችኋለች።»

«እኔንም ውሰደኝ፣ ድምጿን ልስማ።»

«መስመሩ ይቆረጣል፣ ምን ያደርግልሻል!»

በሦስተኛው ዓመት አበዛሽ ከሰቆጣ ገበያ ጫማ ገዝታ፣ ከአረብ አገር የመጣ ነው ብላ ሰጠቻት። ነጭ ነው፣ ያምራል። መክሊት እግሯን ብታስገባ ተረከዟ ውጭ ቀረ።

«እግሬ ማደጉን ረስታዋለች» አለች። ጫማውን በጨርቅ ጠቀለለችና ማድጋው ጀርባ ወረወረችው። ከዚያ ወዲያ አባቷ ከሰቆጣ ሲመለስ መንገድ ወጥታ አልጠበቀችውም። ምሳውም ልጅቷ ስታዝን አይቶ ዝም አለ። ዝምታን ተክኖበታል።

በአራተኛው ዓመት፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ደሞዝ የሚባል ወጣት ነርስ ከጎጃም ተመድቦ ጽጽቃ መጣ። አገሩ ሁሉ ዶክተር ነው የሚለው። ምሳው ለከብት እረኛው ቁስል መድኃኒት ሊጠይቅ ገብቶ፣ ሳያስበው የሚስቱን ነገር ዘረገፈለት። ደሞዝ ጠበሉ ድረስ በእግሩ ሄዶ አያት። ከሐኪም ጋር ተማክሮ ክኒን አስመጣላት። አባ ገብረ ኢየሱስ ጠበሉንም ክኒኑንም ትውሰድ ብለው ፈቀዱ። በስድስተኛው ወር ጥሩሐረግ የሚጠሯት ድምፆች ራቅ እንዳሉላት ተናገረች። ሰንሰለቱ ተፈታ።

«ልጆቹ ያውቃሉ?» አለ ደሞዝ።

«አረብ አገር ናት ብለናቸዋል፣ ዶክተር።»

ነርሱ ራሱን ያዘ። «ከመምጣቷ በፊት ይንገሯቸው። እናታችሁ ታማ ነው፣ ሕመሟ የአእምሮ ነው፣ እናንተ ያመጣችሁት አይደለም ይበሏቸው። ይኸው ነው፣ ሌላ ጥበብ አይፈልግም።»

«እሺ» አለ ምሳው። ከልቡም ነበር። ቤቱ ደርሶ ያሰበውን ሲነግራት ግን አበዛሽ ወገቧን ይዛ ተነሳችበት።

«የእብድ ልጅ ተብላ ማን ያገባታል? አራት ዓመት የሸፈንኩትን አንተ በአንድ ቀን ልትገልጠው ነው?»

እሷም የተቆጣችው ለልጅቷ ብላ ነው። ሰቆጣ ሄዳ ቀይ ሻንጣ ገዛች፣ እንዲከብድም አሮጌ ጨርቅ ሞላችበት። ጥሩሐረግ ከጠበል ስትመለስ መንደሩ ጫፍ ላይ ተቀብላ ሻንጣውን አስያዘቻት። የተላጨ ፀጉሯን በሻርፕ፣ ሰንሰለት የበላው ቁርጭምጭሚቷን በረጅም ቀሚስ ሸፈነችላት። ጥሩሐረግ ዓይኗን ጨፍና የፈለጉትን እንዲያደርጉባት ተወቻቸው። ሕመምተኛ ነኝ ከምትል አረብ አገር ነበርኩ ማለቱ ሳይቀልላት አልቀረም።

ባምላክ ሮጦ ሻንጣውን ከፈተ። ከጨርቅ በቀር ምንም ሲያጣ ጊዜ አለቀሰ። መክሊት ግን ካለችበት አልተነሳችም።

«እናትሽን ሳሚ እንጂ!» አለቻት አበዛሽ።

«ለምን ትታን ሄደች?» አለች መክሊት።

ጥሩሐረግ ምሳውን አየችው። ምሳው መሬት መሬት አየ። «እንጀራ ፍለጋ ነው፣ ልጄ» አለች ሴትየዋ በቀጭን ድምፅ።

ሳምንቱ እንዲህ አለፈ። መክሊት እናቷን «አንቺ ሴትዮ» እያለች ትጠራታለች። በስምንተኛው ቀን ጥሩሐረግ ቅቤና ማበጠሪያ ይዛ፣ ነይ ፀጉርሽን ልሥራሽ አለቻት። ማበጠሪያው ሁለቴ ከእጇ ወደቀባት። ልጅቷ ተስፈንጥራ ተነሳች።

«አትንኪኝ! እዚያው አረብ አገርሽ ተመለሺ!»

ምሳው ደጅ ሆኖ ሰምቷል። አሁን ልግባ፣ አሁን ልንገራት እያለ ቀንበሩን ይጠግናል። ያን ቀንበር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም እንደዚያ አጥብቆ ጠግኖት አያውቅም።

በማግስቱ ቀትር ላይ ከእርሻ ሲመለስ ጥሩሐረግ የለችም። ሻንጣውም የለም። የክኒኑ ብልቃጥ ግን መደቡ ላይ ተቀምጧል። መክሊት በሩ ላይ ፊቷ ገርጥቶ ቆማለች።

«ጠዋት ነው የወጣች» አለች። «በሰቆጣ መንገድ መስሎኝ ነበር። በሰሃላ መንገድ ነው የወረደች። አባ፣ አረብ አገር በዚያ በኩል ነው እንዴ?»

ምሳው የሄደችበትን አወቀ። ብልቃጡን ኪሱ ከተተና «ተከተይኝ» አላት።

ቁልቁለቱን እየወረዱ ነገራት። አጀማመሩን አያውቅበትም፣ ከመሃል ጀመረ። ገደሉን ነገራት፣ ገመዱን ነገራት፣ ወይራውን ነገራት። የስልክ ቀጠሮ የሚባል ነገር እንዳልነበረም ነገራት። ወንዙ ጋ ሲደርሱ ልጅቷ ቆመች።

«የሄደች ቀን ውሃ ቅጂ ብላኝ እምቢ ብያት ነበር» አለች። «በዚያ የተቀየመችኝ መስሎኝ ነበር፣ እስከ ዛሬ።»

ምሳው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። ሕፃን ልጅ አራት ዓመት ሙሉ ይህን ተሸክማ አብራው እየበላች፣ እሱ ጠባቂዋ የሆነ መስሎት ነበር። ነርሱ ያለውን ያኔ አስታወሰ። «ሕመም ነው። አንቺ ያመጣሽው አይደለም» አላት። ስድስት ቃል እንኳ አይሞላም። ያን ሁሉ ዓመት ያልወጣው ይህች ነበረች።

መንገድ ዳር ካለ ዘመድ ቤት አድረው በማለዳ ጠበሉ ደረሱ። ጥሩሐረግ ከዚያው ወይራ ሥር ተቀምጣለች። ቀይ ሻንጣዋ አጠገቧ ነው። ሰንሰለቱን ራሷ ከተሰቀለበት አውርዳ ጭኗ ላይ አድርጋዋለች። አባ ገብረ ኢየሱስ መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ ቤቷ እንድትመለስ ይለምኗታል።

«ይሰሩኝ፣ አባቴ» ትላለች። «ልጄ ናት ተመለሺ ያለችኝ።»

መክሊት ሰንሰለቱን አየች፣ ዛፉን ዙሪያውን የቆረጠውን የብረት ፈለግ አየች። ወደ አባቷ ዞረች።

«አረብ አገር ይሄ ነው?»

«አዎ» አለ ምሳው።

ልጅቷ ሄዳ ሰንሰለቱን ከእናቷ ጭን ላይ አነሳችው። ከብዷት በሁለት እጇ ነው የያዘችው። መሬት ላይ አኖረችውና የእናቷን ቀሚስ ገለጥ አድርጋ ቁርጭምጭሚቷን አየች። እዚያው እግሯ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ጥሩሐረግ እጇን ልጇ ራስ ላይ ልታሳርፍ ዘርግታ መለሰችው፣ ደግማ ዘረጋችው።

በስንት ልመና ተነሥታ ተመለሱ። ሻንጣውን እዚያው ተዉት። ምሳው ከፊት፣ እናትና ልጅ ከኋላ ሆነው ዳገቱን ሲወጡ፣ ከገበያ የምትመለስ የመንደራቸው ሴት አገኘቻቸው። ሴትየዋ የምታውቀውን ደብቃ፣ የተለመደውን ቃል አነሳች።

«እንዴት ነሽ ጥሩሐረግ! አረብ አገር እንዴት ከረምሽ?»

መክሊት አባቷን ቀደመችው።

«አረብ አገር አልሄደችም። ጠበል ነው የነበረች። እናቴ የአእምሮ ሕመም ታማ ነበር።»

ሴትየዋ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ መንገድ ለቀቀችላቸው። ጥቂት እንደ ሄዱ ጥሩሐረግ የልጇን ክንድ ያዝ አደረገች።

«ነበር አትበዪ» አለቻት። «ገና ነኝ። ትናንት ማታ ደግሞ ጠርተውኛል።»

መክሊት ቆመች፣ እናቷን አየቻት። ከዚያ ወደ አባቷ ሄዳ እጇን ዘረጋች። ምሳው የክኒኑን ብልቃጥ ከኪሱ አውጥቶ ሰጣት።